የስንዱ ሳል

ዝም እንድል በጣቴ አስፈረሙኝ።

ወረቀቱን ይዞ የመጣው ልኡልሰገድ ነው፤ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር። እንደ ሌላው ሰው በግድግዳው ላይ በምስል መጥቶ ሊያናግረኝ ሲችል፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ከበሬ መስታወት ወዲያ ቆመ። ነገሩ ከባድ መሆኑ ያኔ ገባኝ። በዚህ ዘመን ሰው በአካሉ የሚመጣው ወይ መርዶ ሊያረዳ ነው፣ ወይ ሊያስፈርም።

«እማማ ባንቺ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ዕጣው ወጥቶልዎታል» አለኝ።

ከሦስት ሺህ ምእመን አርባ ሰው ነው የወጣለት። ዋርካው ማርያም ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ለሰው ልትከፈት ነው፤ ለሙከራ፣ ለአንድ እሑድ። እኔ ዕጣ ውስጥ መግባቴንም አላውቅም ነበር። ያስገባችኝ ጎረቤቴ የሻረግ ናት፣ ሳትነግረኝ። ለእሷም ወጥቶላታል።

«ወረቀቱስ የምንድን ነው?»

«ሁሉም የሚፈርመው ነው። አለመነካካት፣ ከተሰጠን ክብ አለመውጣት፣ ድምፅ አለማሰማት፣ እንዲህ እንዲህ።»

«ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚፈርመው?»

ጆሮውን አከከ።

«አንተ ልኡልሰገድ! እናትህም ልትዋሽ ስትል ጆሮዋን ታክ ነበር።»

እጁን ከጆሮው አወረደ። «የእርስዎ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል።»

«አንብበው። ፊደል ባልቆጥር ጆሮ አለኝ።»

«"በተለይም እልል አልልም" ይላል።»

ሳቄ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ እልልታዬን የሚፈራ ሰው አለ ማለት ነው። በጉብዝናዬ ጊዜ ታቦት ሲወጣ በሴቶች በር በኩል እልል ካልኩ ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ቤት ተኝቶ ሳለ ታቦቱ መውጣቱን የሚያውቀው በእኔ ድምፅ ነበር። ይህን ለማንም ስናገር አላፍርም። ሰማንያ ዓመቴ ነው፤ የተወለድኩት ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ስምንት ዓመት ሲቀረው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ያለኝ ሀብት ጉሮሮዬ ነበር።

«እኔ አይደለሁም ያስጨመርኩት» አለ ልኡልሰገድ። «በሽታውን የሚቆጣጠሩት የትንፋሽ ቢሮ ሰዎች ናቸው። ከቅዳሴው በኋላ አርባችንም አሥራ አራት ቀን በየቤታችን ይዘጋብናል። በዚያ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ከታመመ፣ ዋርካው ማርያም በእርስዎ ዕድሜ አትከፈትም። በእኔም ላትከፈት ትችላለች። ሁላችንም ጤና ከሆንን ግን በየሳምንቱ አርባ፣ ቀጥሎ መቶ፣ ከዚያ ደግሞ…»

«ገባኝ። አፌን ልዝጋ።»

«ይዝጉልን፣ እማማ።»

አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ። መስታወቱ የጣቴን አሻራ ላፍ አድርጎ ወሰደው።

በየሳምንቱ ቤቴ የሚሆነውን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ቀሪው አይገባም።

እሑድ ጠዋት ግድግዳው ይበራል። ካህኑ ይቀድሳሉ፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ሕዝብ የሚባል ግን የለም። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ ደረቁ ገብቶ በሮች ሊዘጉ ሲሉ በመጨረሻው እሑድ የተቀዳ ድምፅ ነው። ደረቁ የምንለው የሳሉን በሽታ ነው፤ ይሄዳል ይመጣል፤ አሁን ዘጠነኛ ዙሩ ላይ ነው። ካህናት ተቀይረዋል፣ ያ ሕዝብ ግን አልተቀየረም። በዚያ ድምፅ ውስጥ እኔ አለሁ፤ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ፣ ከሁሉም በላይ የምሰማው እኔ ነኝ። ስንዱም አለች።

ስንዱ ልጄ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ይላል። የመጀመሪያው ላይ፣ ልክ «ተሠሃለነ» ሲያልቅ፣ አንድ ሳል አለ። አጭር፣ ደረቅ። የእሷ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ስትስል ሰምቻት ነበር። «ዝም በይ እማዬ፣ አቧራ ነው» አለችኝ። ቅዳሜ ማታም ጠየቅኳት፤ «ነገ ሳናስቀድስ እንዳንቀር፣ ዝም በይ» አለች። በዕድሜዬ ዝም በይ ተብዬ ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማክሰኞ ወሰዷት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከመስታወት ወዲያ ሞተች፤ ቀብሯን በግድግዳ አየሁ።

አንድ ጊዜ ድምፁን እናጥራ፣ ሳሉን እናውጣው ያሉ ነበሩ። «ሳሏን የነካችሁ እንደሆነ ግድግዳችሁን በዱላ እሰብረዋለሁ» አልኳቸው። ተዉት። እንግዲህ በየእሑዱ በሦስት ሺህ ቤት ውስጥ ልጄ አንድ ጊዜ ትስላለች።

እኔስ? እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ አፌን ከፍቼ ከመለስኩ አሥር ዓመት ሆኖኛል። የገዛ ድምፄ ከግድግዳ እየወጣ ምን ብዬ ልድገም? እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ እሰማለሁ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኛል። ነቅቼ የምጠብቀው ያቺን ሳል ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከየሻረግ ጋር ከሕንፃችን ወጣን። ከየሻረግ ጋር በአንድ ግድግዳ ሰባት ዓመት ኖረናል፤ የምናወራው በማናፈሻው ቀዳዳ ነው። ማጣሪያው በሽታ ይይዛል ይባላል። ወሬና የወጥ ሽታ ግን አይይዝም፤ እሷ ሽንኩርት ስታሳርር ከእሷ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ስታንኮራፋም በዱላዬ ግድግዳውን እነርታለሁ። ፊቷን በፀሐይ ሳየው ግን ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«አርጅተሻል» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ አጥረሻል» አለችኝ። «በድምፅሽ ሳስብሽ ረጅም ትመስይኝ ነበር።»

በመካከላችን አራት እርምጃ ነበረ። ከዚያ ሲያንስ ድሪው ይጮኻል። ድሪ የምንለው አንገታችን ላይ የሚታሰረውን ትንፋሽ ቆጣሪ ነው። የድሮ ሴቶች የብር ድሪ ያስሩ ነበር፣ እኛ ይህን አሰርን፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ምላሱ የሰላ መሆን አለበት። አረንጓዴ ሲያበራ ሰላም ነው። ቢጫ ሲሆን ሰው ይሸሽሃል። ሲቀላ በር ይዘጋብሃል። መጮኽም ያቀላዋል፣ መሮጥም፣ መሳቅም፣ ማልቀስም።

በሩ ላይ ሲስተር ኤልዳና ተቀበለችን። ከትንፋሽ ቢሮ የተላከች ልጅ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብታ እንደማታውቅ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«እማማ፣ ጫማዎን አያውልቁ፤ ወለሉ አልተመረመረም።»

«ጫማ አድርጌ? እዚህ ቤት?»

«መመሪያው ነው።»

«መመሪያሽን የጻፈው ሰው እናት የለችውም?»

ልጅቷ ግራና ቀኝ አየችና ሁለት ከረጢት ሰጠችኝ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፤ ከሥጋ ቤት የተገዛሁ መሰልኩ። በሩን ልስም ስል ደግሞ ገመድ ተወጥሮበታል። ከሩቁ እጅ ነሣሁ።

ውስጥ የገባው ሰው አስደነገጠኝ። ወንዱ በሴት በኩል፣ ሴቷ በወንድ በኩል ቆመዋል። ከአርባው ሃያ የሚሆኑት ከበሽታው በኋላ የተወለዱ ናቸው። ነጠላቸው ነጭ ነው፣ አለባበሱም ደህና ነው፤ ከወገብ በታች ግን ቢጃማ። ግድግዳው የሚያሳየው እስከ ወገብ ነዋ! ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ የሚለበስ መስሏቸዋል። ከፊቴ ባለው ክብ ውስጥ የቆመች አንዲት ቀጭን ልጅ፣ የዲያቆኑ ድምፅ ሲያንስባት ሁለት ጣቷን ወደ ላይ አነሣች። ድምፅ ልትጨምር ነው። አልጨመረም። ጣቷን አየችው፣ አፈረች፣ በነጠላዋ ሸፈነችው።

አንዱ ጎልማሳ ደግሞ ጸሎቱ ሲረዝምበት እጁን ከቀኝ ወደ ግራ አሻሸ። ሊያሳልፈው ነው። ዲያቆኑ ግን ደም ያለው ሰው ነው፤ አላለፈም።

ቀሲስ ኅሩይ ከመስታወት ወዲያ ከአራት አገልጋዮች ጋር ቆመዋል። ሠላሳ ዓመት አይሞላቸውም። እኔ አባቴ እላቸዋለሁ፤ የልጅ ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ክህነት ከተቀበሉ ጀምሮ የቀደሱት ለካሜራ ነው። ያን ቀንም እንደ ልማዳቸው ዐይናቸውን ከጭንቅላታችን በላይ ካለው ካሜራ ላይ ተክለው ጀመሩ።

ሰው ድምፅ እንዳያሰማ፣ የሚመልስልን ያው የግድግዳው ሕዝብ ነበር። ልኡልሰገድ ድምፅ ማጉያ አስተክሎ ሣጥኑ አጠገብ ቆሟል።

«ተንሥኡ ለጸሎት» አለ ዲያቆኑ።

«እግዚኦ ተሠሃለነ» አለ ማጉያው። የእኔ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የስንዱ ሳል መጣ። በቤቴ ግድግዳ ሺህ ጊዜ የሰማሁት ነው፤ ግን ያን ቀን የወጣው ስንዱ ቆማ በሳለችበት ቦታ ነው። ከዚያች ዓምድ ሥር። ክቤን ለቅቄ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሁን ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ማለት አለባቸው። ከካሜራው ዐይናቸውን አወረዱ። አዩን። አርባ ሰው፣ ከነቢጃማው፣ ከነከረጢቱ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ ዕንባ ቀደማቸው።

ማጉያው ግን አይጠብቅም። «ምስለ መንፈስከ» አለ።

ሰላም ሳይሰጡን ተቀበልን። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተዛባ። ካህኑ ሰላሙን ሲሰጡ ማጉያው ቀጣዩን ይመልሳል፤ ዲያቆኑ ሊደርስበት ይሮጣል፤ ግማሹ ሰው ማጉያውን ተከትሎ ይሰግዳል፣ ግማሹ ቆሞ ያያል። የሻረግ ከጎኔ ክብ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው። እኔ አልሳቅሁም።

ቀሲስ ኅሩይ እጃቸውን አነሡ። «አጥፉት።»

ልኡልሰገድ ጆሮውን ማከክ ጀመረ።

«ልኡልሰገድ፣ አጥፉት አልኩ።»

ጠፋ።

ያን የመሰለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ዲያቆኑ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ «ተንሥኡ ለጸሎት።» ማንም አልመለሰም። ልጆቹ ወደ ማጉያው ያያሉ። ቃሉን ያውቁታል፤ ከተወለዱ ጀምሮ ሰምተውታል። ነገር ግን ያ ቃል የእነሱ መሆኑን የነገራቸው የለም። ዲያቆኑ ጨነቀውና ራሱ ሊመልስ አፉን ከፈተ።

«አይሆንም» አሉት ካህኑ። «ይህ የሕዝቡ ነው። እኔም አንተም ልንመልስላቸው አንችልም።» ወደ እኛ ዞሩ። «ቅዳሴው ያለ እናንተ አያልፍም። እዚሁ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።»

ቆሙ። እኛም ቆምን። መቆም ብቻ። አንዱ ሕፃንነቱ ያልለቀቀው ወጣት እንደ ተበላሸ ግድግዳ ትኩር ብሎ ያያቸዋል። ሲስተር ኤልዳና መመሪያዋን ታገላብጣለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥም ምን እንደሚደረግ አልተጻፈላትም።

አውራ ጣቴን አሰብኩ። ልኡልሰገድ ደግሞ ዐይኑን እኔ ላይ ተክሏል።

«ዝም በይ፣ ባንቺ» አለች የሻረግ በጥርሷ መካከል። «እንዳትከፍቺ።»

ያ ቃል ነው የነካካኝ። ዝም ብዬ አይቼዋለሁ ዝምታን። ጭንብሌን ሳላነሣ አፌን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የዛገ ማጠፊያ ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። «እግዚኦ ተሠሃለነ።» ድሪዬ ቢጫ በራ። የስንዱ ሳል የሚገባበት ቦታ ደረሰ፣ ባዶውን አለፈ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ባዶ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ካህኑ ለዲያቆኑ ምልክት ሰጡት። «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ ደግሞ።

አሁን የሻረግ ገባች፤ እንደ ልማዷ ዜማውን ግማሽ እርምጃ ዘግይታ። ከእሷ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ። ከዚያ ያቺ ባለ ጣት ልጅ፣ ከዚያ ሁሉም። ልጆቹ ከእኛ ይልቅ አጥርተው ነበር የሚሉት፤ ከግድግዳው እንደሰሙት፣ ፍንክች ሳይሉ። «ተሠሃለነ» አሉ።

ከዚያም ሳሉ።

ሃያ ሰው፣ በአንድ ጊዜ፣ አጭርና ደረቅ።

ሲስተር ኤልዳና ዘልላ የደወሉን ገመድ ያዘች። ደወሉ ከተደወለ ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ሰው ይለቀማል፣ በሩ ይታሸጋል። እኔ ግን ያቺን ሳል ከማንም በላይ አውቃታለሁ። ርዝመቷን፣ አወጣጧን። የስንዱ ናት። ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ ከዜማው ጋር ስለሰሟት፣ የቅዳሴው ክፍል መስላቸዋለች።

«ልጄ፣ ልቀቂው!» ብዬ ጮኽኩ። «አልታመሙም! እንደዚያ የሚዜም መስሏቸው ነው!»

ሲስተር ኤልዳና ገመዱን እንደያዘች ቀረች። አርባ ድሪ ቀልቷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቀይ መብራት እንጂ ሌላ አይታይም። ሲስተሯ ወደ ባለ ጣቷ ልጅ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «ማን ነው መጀመሪያ የሳለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ልጄ ናት» አልኳት።

ገመዱን ለቀቀችው። «የማየውን ሁሉ እጽፋለሁ» አለች። «ደወል ግን አልደውልም።»

ቅዳሴው እስከ መጨረሻው ሄደ። «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉን ሰላሙ ከተሰጠን በኋላ ተቀበልን። «ተሠሃለነ» ባሉ ቁጥር ልጆቹ ሳሉ፤ ቃሉና ሳሉ አንድ ሆኖባቸዋል፤ ሦስተኛው ላይ ሽማግሌ ሁሉ ለመደው። ሲያልቅ እልልታ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። የፈረምኩት ፊርማ ነው።

ውጭ ላይ ልኡልሰገድ አራት እርምጃ ርቆ ደረሰብኝ። «ፈርመው ነበር!»

«እልል አልልም ብዬ ነው የፈረምኩት። አልኩ እንዴ?»

«ድምፅ አለማሰማትም ነበረበት!»

«እሱን ስታነብ አልሰማሁም።»

«ጆሮ አለኝ ብለው አልነበረም?»

ጫማዬን አንሥቼ ትቼው ሄድኩ። ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

ቢሮው የሲስተር ኤልዳናን ጽሑፍ አይቶ፣ አሥራ አራቱ ቀን ይፍረድ አለ። አርባ ሰው ጮኾ፣ ተናፍሶ፣ ቀልቶ ማንም ካልታመመ፣ ዋርካው ማርያም ከነሕዝቡ ድምፅ ትከፈታለች። አንድ ሰው ከታመመ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አገር ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ።

በሩ ከውጭ ተቆለፈ። ምግብ በቀዳዳ ይገባል። በየጠዋቱ ልኡልሰገድ በግድግዳው ይመጣና «ዛሬም አርባው አረንጓዴ» ይላል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ቀን ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እሄዳለሁ፤ በራሴ ትንፋሽ ላይ ጆሮዬን ጥዬ እውላለሁ። ሰው ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ሳስብ እቀመጣለሁ፤ ስቀመጥ ደግሞ ያ ጸጥታ ይመጣብኛል፣ እንደገና እነሣለሁ።

የሻረግ በቀዳዳው ታጫውተኝ ነበር። «መቶ ሰው ሲገባ እኔ ከፊት ነኝ፣ አንቺ ከኋላ» ትለኛለች።

«ዜማ ስትደርሺበት ነዋ!»

«አሁንማ ልጆቹ ጭራሽ እየሳሉ አበላሽተውት፣ የእኔን ማን ያየዋል?»

ከአሥራ አንደኛው ቀን ጀምሮ ወሬዋ አጠረ። እንቅልፍ በዛብኝ አለች። አመንኳት። ልኡልሰገድ አርባው አረንጓዴ ሲል የእሷም አረንጓዴ ነዋ።

አሥራ አራተኛው ቀን እሑድ ዋለ። ቀትር ላይ በሩ ይከፈታል። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን አዘጋጅቷል፤ ልኡልሰገድ እንኳ በጠዋት ሲመጣ ፀጉሩን አበጥሮ ነበር። ግድግዳው በራ። ያን ቀን እግሬን ውኃ አልነከርኩም፤ ቆሜ ነበር የምሰማው፣ ቆሜም የምመልሰው።

«ተንሥኡ ለጸሎት።»

«እግዚኦ ተሠሃለነ» አልን እኔና እኔ። ስንዱ በቦታዋ ሳለች።

ከዚያ ሌላ ሳል መጣ።

ቦታው አልነበረም። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» እያሉ ነው የመጣው፤ ረጅም ነው፣ ከደረት ሥር የተቆፈረ። ከግድግዳው ውስጥ አልነበረም የወጣው። ከግድግዳው ወዲያ ነው።

ዱላዬን አንሥቼ ነረትኩ። «የሻረግ!»

ደግሜ ነረትኩ።

«የሻረግ! አንቺ ነሽ?»

«በርበሬ እያመስኩ ነው» አለች በቀዳዳው። ድምፅዋ ወፍራም ነበር። «አነቀኝ። ዝም በይና ቅዳሴሽን ስሚ።»

አፍንጫዬን ቀዳዳው ላይ አደረግሁ። ምንም አይሸትም። በርበሬ ታምሶ ያልሸተተኝ ቀን የለም፤ ዐይኔ ነው የሚያለቅሰው። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ደረቁ ሲገባ መጀመሪያ የሚወስደው ሽታ ነው። ምናልባት የማታሸተው አፍንጫ የእኔ ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት አወጣሁ፣ በዱላዬ ጫፍ ጨፈለቅሁ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ።

ሸተተኝ። ዐይኔ ድረስ ገባ።

እንግዲያው ውሸታሟ እሷ ናት።

«የሻረግ፣ በርበሬሽ አይሸትም።»

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ሲገባ ያፏጫል።

«ድሪሽስ? ድሪሽ እንዴት አረንጓዴ ሆነ?»

«ድመቴ ላይ አስሬዋለሁ» አለች። «ስትተኛ ነው የምትውለው። ካሰረችው አራት ቀኗ ነው፣ ጨዋ ናት።»

መሳቅ አማረኝ፤ አልሆነልኝም።

«ባንቺ፣ ስሚኝ። እስከ ቀትር ብቻ ነው። በሩ ይከፈት። እኔ አልወጣም፤ ዘግቼ እቀመጣለሁ፣ ወይ ይተወኛል ወይ ይዞኝ ይሄዳል። የት እንዳገኘኝ ማን ያውቃል፤ ከገባልኝ ምግብ ይሆናል፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ይሆናል። ያ ሁሉ ልጅ አፉን ከከፈተ በኋላ በእኔ ሳል ይዘጋ? ለእኔ ብለሽ ዝም በይ።» እዚህ ላይ ሳሉ ያዛትና አልለቅ አላት። ሲለቃት «ዝም በይ» አለች ደግማ። አሁን ግን እንደ ልመና ነበር።

ግድግዳው ላይ ካህኑ ያነባሉ። የቀጭኗ ልጅ ቤት ከእኛ በላይ ነው፤ ጣሪያዬን አልፎ ድምፅዋ ይሰማኛል፣ እየመለሰች ነው፣ ከነሳሉ። ሌላም ከሥር ይሰማል። ሕንፃው በሙሉ እየመለሰ ነው። ያ ነው የሚዘጋው። አርባ ሰው፣ መቶ ሰው፣ የልኡልሰገድ የተበጠረ ፀጉር። እኔ ደግሞ ሰማንያ ዓመቴ ነው፤ ሌላ የሚከፈትበትን ቀን አላይም። የእኔም ቀብር በግድግዳ ይሆናል።

ስንዱም «እስከ እሑድ ብቻ» ነው ያለችኝ።

በሬ አጠገብ የደወል ቁልፍ አለ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ነክቼው አላውቅም። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ በዚያው በፈረምኩበት።

«ምን ልርዳዎ?» አለ ደወሉ።

«ጎረቤቴ ታማለች» አልኩ። «የሻረግ። ደረቁ ነው። አራተኛ ቀኗ ነው፤ ድሪዋ ድመት ላይ ነው። ፈጥናችሁ ኑ።»

«ባንቺ!» ብላ ጮኸች ከወዲያ። «ባንቺ፣ ምን አደረግሽ!»

ቅዳሴው ከግድግዳው ወዲያው ጠፋ። ልኡልሰገድ ታየ። እጁ ወደ ጆሮው ሊሄድ ተነሣና ከግማሽ መንገድ ወረደ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ከላይ የልጅቷ ድምፅ መካከል ላይ ተቋረጠ። በየፎቁ በር ሲቆለፍ ይሰማኛል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

የመጡት ቶሎ ነው። ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች፤ ከፊት ያለችው ሲስተር ኤልዳና ናት፤ በአካሄዷ አወቅኳት። የሻረግን በቃሬዛ ከነአየሯ አወጧት። በመስታወቴ ፊት ሲያልፉ ቆም አሉ፤ ፊቷ ግራጫ ነው፣ አፏ ላይ ቱቦ አለ። ቱቦውን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«አፍሽ ይዘጋ!» አለችኝ። «ምላስሽ ይድረቅ! አንቺ ደወል! አንቺ የገበያ ማጉያ!»

ሲስተር ኤልዳና ቱቦውን መለሰችላት፤ እሷ መልሳ ገፋችው። «ለአንዴ እንኳ! ለአንዴ እንኳ ዝም ማለት አትችዪም!»

ወሰዷት። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ እስከ ሊፍቱ ስልሳ እርምጃ ይሆናል። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። ዘሬን ነካች፣ ባሌን ከመቃብር አወጣች፣ እልልታዬን የአህያ ነው አለች። ሊፍቱ ሲዘጋም አላቆመችም፤ እየወረደች ስትሳደብ በግድግዳው ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ አሥረኛ፣ ዘጠነኛ፣ ስምንተኛ።

ለዚያ ሁሉ ስድብ የሚበቃ ትንፋሽ አላት።

ስንዱን በወሰዷት ቀን ኮሪደሩ ጸጥ ያለ ነበር።